ጋሪውን የሚገፋው ማን ነው?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሕፃን ጋሪ ነው፡፡ ያው «ስትሮለር» የምትሉት ማለቴ ነው፡፡ «እሱ ደግሞ ምን ወሬ ይወጣዋል? ያለው ይገዛል፣ የሌለው ያዝላል!» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ፡፡ ነገሩ እንደዚያ ቀላል ቢሆንማ እኔም ለዚሁ ጉዳይ ብዬ ከሺሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ድረስ ባልወጣሁ ነበር፡፡

የባለቤቴ እህት የምትኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው፡፡ በሦስት ሳምንት ውስጥ ትመጣለች፡፡ «ለወንድሜ ልጅ ጋሪ ሳልይዝ አልመጣም» ብላ የሦስት ጋሪዎች ፎቶ በቴሌግራም ላከችልን፡፡ አንደኛው የመኪና ወንበሩም አልጋውም አብሮት የሚሄድ፣ ባለ አራት ትልልቅ ጎማ፣ 14 ኪሎ የሚመዝን ግዙፍ ነው፡፡ ሁለተኛው እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ፣ 6 ኪሎ የሚሆን ቀላል፡፡ ሦስተኛው ባለ ሦስት እግር፣ ጎማው በአየር የሚነፋ፣ ፈረንጆቹ ሕፃን እየገፉ የሚሮጡበት ዓይነት፡፡ «የተፈቀደልኝ ሁለት ሻንጣ ነው፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፡፡ እሁድ ማታ ቁርጡን ንገሩኝ» አለች፡፡

ቤታችን ለሁለት ተከፈለ፡፡ ባለቤቴ ያለ አንዳች ማመንታት ግዙፉን መረጠ፡፡ (እናንተ ወንዶች ግን ጎማ ያለው ዕቃ ስታዩ ሁሉም መኪና ይመስላችኋል ልበል?) አማቴ ደግሞ ከሦስቱ አንዱንም አልፈለጉም፡፡ «ጋሪ ፈረስ ነው የሚጎትተው፤ ልጅ የሚያድገው በጀርባ ነው» አሉና ከሣጥናቸው ሥር አንቀልባቸውን አወጡ፡፡ ዳርና ዳሩ በዛጎል ያጌጠ፣ ቆዳው ከአገልግሎት ብዛት እንደ ጨርቅ የለሰለሰ፣ ባለቤቴንም ቨርጂኒያ ያለችውን እህቱንም ያዘለ አንቀልባ ነው፡፡ እኔ ከሁለቱም ወገን አልነበርኩም፡፡ የኔ ሐሳብ ሌላ ነበር፡፡ ያለ ደመወዝ የወሰድኩት ፈቃድ በሚቀጥለው ወር ያልቃል፡፡ ከዚያ ወዲያ የ8 ወሯ ልጄ ከጠዋት እስከ ማታ የምትውለው ከሠራተኛችን ጋር ነው፡፡

ቅዳሜ ቀኑ 21 ሆነና አማቴ «እንጦጦ ማርያምን ሳልሳለም አልውልም» አሉ፡፡ ጥሩ አጋጣሚ! የምድር ቤት ጎረቤታችን እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ ጋሪ አላት፡፡ ተዋስኩ፡፡ አንድ ባልንጀራዬ ደግሞ ባለ ሦስት እግሩን ስለገዛች በመኪናዋ ጭና እንጦጦ ፓርክ እንድትጠብቀን ተቀጣጠርን፡፡ አንቀልባውን አማቴ በፌስታል ያዙ፡፡ እንግዲህ አራት ሆነን ወጣን፤ እኔ፣ አማቴ፣ ሠራተኛችንና ባለጉዳይዋ ሕፃን፡፡

ሺሮ ሜዳን የማታውቁ የምትኖሩ አይመስለኝም፡፡ ከስድስት ኪሎ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ስትወጡ፣ መንገዱ ግራና ቀኝ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ጋቢ ለብሶ የሚጠብቃችሁ ሰፈር ነው፡፡ የሸማኔው ጥበብ ዓይን ይስባል፤ ጋሪ የምትገፋ ሴት ግን ዓይኗን ወደ ላይ ማንሣት አትችልም፡፡ ለምን ቢሉ፣ የእግረኛው መንገድ ግማሹ በልብስ ማሳያ ተይዟል፤ ግማሹ ላይ ደግሞ የቦይ ክዳን ተሰንጥቆ አፉን ከፍቷል፡፡ የጃንጥላው ጋሪ ጎማ ከቡና ሲኒ አፍ ብዙም አይበልጥ፤ በሃምሳ እርምጃ ውስጥ ሁለቴ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ተቀረቀረ፡፡ ሁለተኛው ላይ ልጄ ወደ ፊት ስትወረወር ማሰሪያው ያዛት፡፡ በሁለቱ ትከሻዎች፣ በሁለቱ ዳሌዎችና በእግሮቿ መሐል የሚያልፍ ባለ አምስት ማሰሪያ ነበር፡፡ ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ቢሆን ኖሮ የዚያን ቀን ወሬያችን ሌላ ይሆን ነበር፡፡ ስለዚህ ጋሪ ስትመርጡ ከቀለሙ በፊት ማሰሪያውን ቁጠሩ፡፡

ኮብልስቶኑም ያው ነው፡፡ ትንንሽና ደረቅ የፕላስቲክ ጎማ ኮብልስቶን ላይ ልጁን እንደ ወንፊት ነው የሚነፋው፡፡ ትልቅ ጎማ ያለው፣ በተለይም በአየር የተነፋ ወይም ለስለስ ያለ ጎማ የገጠመ ጋሪ ድንጋዩን ይውጠዋል፡፡ የፊት ጎማዎቹ እንዳሻቸው የሚዞሩ ከሆነም እንዳይዞሩ የሚያደርግ መቆለፊያ እንዳላቸው እዩ፡፡ ኮረኮንች ላይ ያ መቆለፊያ ከሌለ ጋሪው ወደ ፈለገበት ነው የሚሄደው፡፡

ሌላው ጭሱ ነው፡፡ ጋሪ ላይ የተቀመጠ ሕፃን አፍንጫው ያለው በመኪና የጭስ ማውጫ ትይዩ ነው፡፡ የእንግሊዙ ሰሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2018 ጋሪ ላይ ያሉ ሕፃናት ከአዋቂዎች ይልቅ ለመኪና ጭስ እንደሚጋለጡ ጽፈዋል፡፡ እኛ ግን ጥናት አላስፈለገንም፡፡ ሽቅቡን በአንደኛ ማርሽ የሚያቃስተው ታክሲ ሁሉ ጭሱን ልጄ ፊት ላይ ሲለቅ አማቴ ምንም ሳይሉ ነጠላቸውን ፊቷ ላይ ጣል አደረጉ፡፡ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላችሁ፡፡ የሰው ዓይንም ሆነ ንፋስ ፈርታችሁ ጋሪውን ዙሪያውን በጋቢ አትድፈኑት፡፡ ውስጡ ቶሎ ይታፈናል፣ ይሞቃልም፤ እናንተም ልጁን ማየት አትችሉም፡፡ ከላይ ጥላ ይኑረው፣ ጎኑ ግን አየር ያስገባ፡፡

ለማንኛውም ታክሲ ያዝን፡፡ ረዳቱ ጋሪውን ከላይ እስከ ታች አየና «እትዬ፣ እቺ መኪና ከተቀመጠች ትከፍላለች!» አለኝ፡፡ ታክሲው በሳቅ ሞላ፡፡ ልጁን ለሠራተኛችን አቀበልኩና ማጠፊያውን በእግሬ ረገጥኩት፡፡ ጋሪው እንደ ጃንጥላ ተሰብስቦ እግራችን ሥር ገባ፡፡ የሁለት ሰው ሒሳብ ተረፈ፡፡ የባለቤቴ ግዙፍ ጋሪ ቢሆን ኖሮ ከረዳቱ ጋር እስካሁን እንከራከር ነበር፡፡

እንዲህ የሚታጠፈውን ጋሪ የሠራው ኦወን ማክላረን የሚባል እንግሊዛዊ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነው፡፡ ስፒትፋየር የተባለውን የጦር አውሮፕላን እግር በመሥራት የተካፈለ ሰው ነበር፡፡ ልጁ የሕፃን ጋሪ ይዛ በአውሮፕላን መጓዝ ምን ያህል እንደሚያንገላታ ስታማርር ሰማና የአውሮፕላኑን እግር አስተጣጠፍ ጋሪ ላይ አዋለው፡፡ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1965 ነው፡፡ የመጀመሪያው ጋሪ 3 ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር፡፡ በመጀመሪያ ጋሪ የባለጸጋ ዕቃ ነበር፡፡ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1733 ዊልያም ኬንት ለዴቮንሻየሩ መስፍን ልጆች የሠራው ጋሪ በፍየል ወይም በድንክ ፈረስ እንዲጎተት የታሰበ ነበር ይባላል፡፡ ይህን ለአማቴ ስነግራቸው «አላልኩም?» ብለው በኩራት ቀና አሉ፡፡

እንጦጦ ስትደርሱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ብርዱ ነው፡፡ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ይዘላል፡፡ ሰው ብርዱን አይቶ ፀሐዩን ይንቃል፡፡ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ግን አትርሱ፡፡ ልጅ እየተንቀጠቀጠም ፊቱ ሊቃጠል ይችላል ማለት ነው፡፡ የጋሪው ጥላ እስከ ልጁ ጉልበት የሚደርስ ቢሆን ይመረጣል፡፡ ዓይኑን ብቻ የሚሸፍነው ኮፍያ ነገር ለፎቶ ነው የሚሆነው፡፡

ብርዱን ያማረርነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም፡፡ እቴጌ ጣይቱም ከዚህ ተራራ ወርደው በ1879 ዓ.ም. ፍል ውኃው አጠገብ «አዲስ አበባ» ያሉት ወደው አይደለም፡፡ የሆነ ሆኖ አፄ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.፡፡ የሚገርማችሁ፣ ዘውዱ ከመጫኑ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት ዊልያም ሪቻርድሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ሕፃኑን ወደ ገፊው ማዞር የሚቻልበትን ጋሪ በስሙ አስመዝግቧል፡፡ ፊትን ማዞር ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ፡፡ በስኮትላንድ የዳንዲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት፣ ልጁ ፊቱ ወደ ገፊው ሲሆን እናቶች ከልጁ ጋር ይበልጥ ያወራሉ፡፡ ጀርባ ላይ የታዘለ ልጅስ? አማቴን ብትጠይቋቸው «እሱማ ልብሽ ሲመታ ይሰማል» ነው መልሳቸው፡፡

መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የተመረቀው እንጦጦ ፓርክ ለጋሪ የተሠራ ነው ብትሉ ማጋነን አይሆንም፡፡ ከባሕር ዛፉ መሐል የሚያልፈው መንገድ የተነጠፈና የለሰለሰ ነው፡፡ ባልንጀራዬ ባለ ሦስት እግሯን ይዛ እንደ ሙሽራ ትንሸራሸራለች፡፡ ተቀያየርን፡፡ እውነቱን ልናገርና ባለ ሦስት እግሩ ሽቅቡን በሁለት ጣት ነው የሚሄደው! ልጄም ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት፡፡ ቁልቁለቱ ላይ ግን ሌላ ዕቃ ሆነ፤ ክብደቱ እጄን ይዞኝ ሊሮጥ ፈለገ፡፡ እንዲህ ያለ ጋሪ ከእጀታው ጋር የታሰረ፣ ክንድ ላይ የሚጠለቅ ማሰሪያ ሊኖረው ይገባል፡፡ ፍሬኑን ደግሞ በልጅ አትሞክሩት፡፡ 10 ኪሎ ዱቄት አስራችሁበት ቁልቁለት ላይ አቁሙት፤ ዱቄቱ ከቆመ ልጁም ይቆማል፡፡ ቦርሳችሁን እጀታው ላይ አታንጠልጥሉ፤ ልጁን ያነሣችሁት እንደሆነ ጋሪው ወደ ኋላ ይገለበጣል፡፡ ባልንጀራዬ ስድስት ወር ያልሞላውን ሕፃን እንደዚህ አስቀምጦ መግፋት እንደማይገባም ከሐኪሟ ሰምታ ነበር፡፡ በራሱ መቀመጥ ያልቻለ ልጅ ጋሪው ላይ መተኛት ነው ያለበት፤ ስለዚህ ገና ለሚወለድ ልጅ የምትገዙ ከሆነ ወንበሩ ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋውን ፈልጉ፡፡

ከፓርኩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አመራን፡፡ እንጦጦ ማርያም ስምንት ማዕዘን ሆና በቀለም አሸብርቃ ስታይዋት ልብ ትሞላለች፤ አጠገቧ ያለውን ሙዚየምና የምኒልክን የጭቃ ቤተ መንግሥት ለሌላ ቀን አቆይታችሁም ቢሆን እዩ፡፡ ቀኑ 21 ስለነበር ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ነው፡፡ ጸበልተኛው፣ ተሳላሚው፣ ጧፍ ሻጩ... ድንጋዩና ደረጃው ሲጨመር ጋሪ የሚባል ነገር ቦታ የለውም፡፡ አማቴ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ፌስታላቸውን ብቻ ፈቱ፡፡ ሠራተኛችን ጎንበስ አለች፣ ልጄ ጀርባዋ ላይ ተለጠፈች፣ አንቀልባው ተጠመጠመ፡፡ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም፡፡ ልጅቷ እግሮቿን እንደ እንቁራሪት ከፍታ፣ ጉልበቶቿ ከመቀመጫዋ ከፍ ብለው ስትቀመጥ አየሁ፡፡ የአጥንት ሐኪሞች ለሕፃን ዳሌ ደግ ነው የሚሉት አቀማመጥ ይኸው ነው፡፡ አማቴ ይህን ከሐኪም አልሰሙም፤ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንዳይሆንብኝ ዝም አልኩ፡፡ ለእናንተ ግን ላክልላችሁ፤ አንገቱን ቀጥ ማድረግ ያልቻለ ጨቅላ ጀርባ ላይ አይታዘልም፣ የታዘለውም አገጩ ደረቱ ላይ እንዳይደፋ ተመልከቱት፡፡

ተሳልመን ስንመለስ በጫካው ቀጭን መንገድ አንዲት ሴት ብቅ አለች፡፡ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ከራሷ በላይ የሚረዝም ሸክም ተሸክማ፣ ከወገቧ ታጥፋ ነው የምትሄደው፡፡ ከእንጦጦ ጫካ ማገዶ ለቅሞ ወደ ከተማ ማውረድ ለብዙ ዘመን የደሃ ሴት እንጀራ ሆኖ ኖሯል፤ ከነዚሁ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው ሽመና የጀመሩም አሉ፡፡ ሴትዮዋ ትንፋሽ ልትሰበስብ ሸክሟን ግንብ ላይ ስታስደግፍ አማቴ ውኃ ሰጧትና ልጅ እንዳላት ጠየቋት፡፡

«አለኝ እማማ፤ ዓመት አልሞላውም፡፡»

«ታዲያ የት ትተሽው ነው?»

«ትልቋ ልጄ አዝላዋለች፡፡ እኔማ በምኔ ልዘለው?»

ትልቋ ስንት ዓመቷ እንደሆነ አልጠየቅንም፡፡ ሴትዮዋ ሸክሟን አስተካክላ ቁልቁል ወረደች፡፡ ሠራተኛችን ልጄን እንዳዘለች ቆማ ከኋላዋ አየቻት፡፡ ከዚያ ጥቂት እንደተራመድን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለችኝ፡፡

«ጠይቂ፡፡»

«ከአሜሪካ የሚመጣውን ጋሪ የሚገፋው ማን ነው?»

እንግዲህ ውድ አንባብያን! ሳምንቱን ሙሉ በቤታችን ባለቤቴ ተናግሯል፣ አማቴ ተናግረዋል፣ ከቨርጂኒያ ተደውሏል፡፡ ይህቺን ጥያቄ ግን ማንም አላነሣትም፡፡

«አንቺ ነሻ!» አልኳት፡፡

«እንግዲያው ትልቁ አይሆነኝም» አለች፡፡ «ደረጃውን እንዴት አወጣዋለሁ? ባለ ሦስት እግሩም እጀታው ደረቴ ላይ ነው የሚደርሰው፡፡ ማዘሉን ጠልቼ አይደለም፤ ግን ቀኑን ሙሉ አዝዬ ስሠራ ውዬ ማታ ክፍል ውስጥ ስቀመጥ ወገቤን ያመኛል፡፡»

የማታ ተማሪ ናት፡፡ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ትፈተናለች፡፡

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም፡፡ በጭንቅላቴ ደመርኩት፡፡ ጋሪው 14 ኪሎ፣ ልጄ 8 ኪሎ፣ በአንድ ላይ 22 ኪሎ፡፡ ያውም በየወሩ የምትጨምር ልጅ! ሠራተኛችን ራሷ 50 ኪሎ መሙላቷን እንጃ፡፡ ብቻዋን ስትወጣ ወይ ልጁን ከላይ ትታ ጋሪውን ልታመጣ ትወርዳለች፣ ወይ ጋሪውን ከታች ትታ ትወጣለች፡፡ የመጀመሪያውን እኔ አልፈቅድም፤ ሁለተኛውን ደግሞ ሌባ ያውቅበታል፡፡ ይህን ሁሉ ጊዜ «ጋሪ ለሽርሽር» ስንል የነበረው የልጅቷን ወገብ የሚያሳርፍ የሥራ ዕቃ መሆኑ ነው፡፡ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ልብስ ስታጥብ ልጄ አጠገቧ ጋሪው ላይ ታስራ ትቀመጣለች፤ ጀርባዋ ለዚያች ሰዓት ባዶ ይሆናል፡፡

ዘመድ አሜሪካ የሌላችሁ አትከፉ፡፡ መርካቶም ቦሌም አዲስ ጋሪ ሞልቷል፤ አገልግሎት የሰጠ ደህና ጋሪም ከወለደች ጓደኛ ይገኛል፡፡ በብድር ግዙፉን ገዝቶ ደረጃ ሥር ማቆም ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው፡፡ ያገለገለ ስትገዙ ደግሞ ያልጠረጠረ ተመነጠረ! አሥር ጊዜ አጥፉት፣ አሥር ጊዜ ዘርጉት፤ ተዘርግቶ ሲቆለፍ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ካላሰማ ተዉት፡፡ ማጠፊያው ላይ የጣት ማስገቢያ ክፍተት ካለም ተጠንቀቁ፡፡ ያ ስመ ጥሩ ማክላረን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2009 ማጠፊያቸው የሕፃናት ጣት በመቁረጡ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ለሚጠጉ ጋሪዎች መሸፈኛ ለማደል ተገዷል፡፡ ጋሪ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ልጅ አጠገቡ አይቆምም፣ አበቃ!

እሁድ ማታ ቨርጂኒያ ተደወለ፡፡ «ከ7 ኪሎ የማይበልጥ፣ በአንድ እጅ የሚታጠፍ፣ ጎማው ከጎረቤታችን ጋሪ እጥፍ የሚሆን፣ ወንበሩ የሚዘረጋ፣ ባለ አምስት ማሰሪያ፣ እጀታው ከፍና ዝቅ የሚል» ብዬ ዘረዘርኩ፡፡ «ፎቶ ከላክሁት ውስጥ እንዲህ ያለ የለም» አለች፡፡ «ፈልጊያ!» አልኳት፡፡ ባለቤቴ ግማሽ ቀን አኮረፈ፤ ከዚያ ከግዙፉ የተረፈውን 7 ኪሎ በምን እንሙላው ብሎ የራሱን ዝርዝር መጻፍ ጀመረ፡፡ አማቴ ስልኩን ተቀብለው የጉልበት ቅባት አዘዙ፡፡ አንቀልባውንም ወደ ሣጥኑ አልመለሱትም፤ በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቀሉት፡፡ ለ21 ይፈለጋል፡፡

ስልኩ ሊዘጋ ሲል ሠራተኛችን ከማድ ቤት ብቅ አለችና፣

«እትዬ፣ ከሥሩ ዘንቢል ያለው ይሁን በሉልኝ፡፡ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ደብተሬንም እይዝበታለሁ» አለች፡፡